ያልተጣበቀው ቁልፍ

ኮሌጃችን ውስጥ ሃያ ሦስት ፒያኖዎች አሉ። ሃያ ሦስቱንም የምቃኘው እኔ ነኝ፤ በሥራው ላይ ዘንድሮ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞላኝ። ፒያኖ ቃኚ አስተማሪም ተማሪም አይደለም፤ የሁሉንም ጉድ የሚሰማ ሰው ነው። ማን ቁልፉን እንደ ሚስማር እንደሚቀጠቅጥ፣ ማን ዓመቱን ሙሉ ፒያኖ ሳይነካ ለፈተና ብቻ እየሮጠ እንደሚመጣ፣ ሽቦውና ግድግዳው ይነግሩኛል።

ትምህርት ሲከፈት አዲሶቹ ይመጣሉ። የጃዝ ተማሪ መሆናቸው የሚታወቀው ከሙዚቃው በፊት በባርኔጣው ነው። አንድ ኮርድ፣ ማለት ሦስት አራት ድምፅ በአንዴ፣ በቅጡ መያዝ ሳይችሉ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን መወዝወዙን ግን በአንድ ሳምንት ይካኑታል። ድምፃውያኑ ደግሞ ይብሳሉ። አንገታቸው ላይ ሻርፕ ጠምጥመው ይመጡና ሰላም ስትሏቸው "ድምፄን እያሳረፍኩ ነው" የሚል ወረቀት ያሳዩዋችኋል። ምን ያለ ድምፅ መሰላችሁ የሚያርፈው! ክፍል ሰባት በር ላይ ቆሜ ሰምቼዋለሁ፤ እስከ ወዲያኛው ቢያርፍ የሚጎዳ ሰው የለም።

ከሁሉም አብልጬ የምንቀው ግን የኢምፕሮቫይዜሽን ክፍል ኃላፊውን ነበር። ኢምፕሮቫይዜሽን ማለት ኖታ ሳያዩ፣ ሳያጠኑ፣ እዚያው መድረክ ላይ በቅጽበት እየፈጠሩ መጫወት ነው። የጃዝ ነፍሱ እሱ ነው ይላሉ። ኃላፊው ክፍል በገባ ቁጥር እጁን እንደ ክንፍ ዘርግቶ "ነፃ ሁኑ! ነፃ!" ስለሚል ተማሪዎቹ "ነፃው" ብለው ሰየሙት። ስሙን የሰማ ጊዜ አልተቆጣም። እንዲያውም ደስ ብሎት አንገቱን ሰበቀ።

ነፃው በዓመት አራት ጊዜ ትልቁ አዳራሽ ውስጥ ፒያኖ ይጫወታል። አዳራሹ ይሞላል። ነፃው ላብ በላብ ሆኖ ይፈጥራል። መሃል ላይ እንግዳ ድምፅ ይመታና ራሱ የደነገጠ መስሎ ይስቃል፤ ሕዝቡም አብሮት ይስቃል፣ ያጨበጭባል። እኔ በማግሥቱ ጠዋት ፒያኖውን ልቃኝ ስገባ፣ በቀኝ ጫፍ ካሉት ቀጫጭን ድምፆች የአንዷ ሽቦ ሁልጊዜ ላልታ አገኛታለሁ። ሁልጊዜ ያችው ሽቦ ናት። መጀመሪያ ሽቦዋ አርጅታ ነው ብዬ ቀየርኳት። አዲሲቱም ላላች። ቢቸግረኝ በሚቀጥለው ዝግጅት ከኋላ ተቀምጬ ጆሮዬን ሰጠሁት። ከዚያ በቀጠለውም ሰማሁት። ያው ነው! ከመጀመሪያው ድምፅ እስከ መጨረሻው፣ ላቡን እስከሚጠርግበት ቦታ ድረስ፣ አንዲት ነገር ሳትጎድል ያው ነው። ያ ሽቦዋን የሚያላላው "ስህተት"ም፣ ያ ድንጋጤም፣ ያ ሳቅም ተጠንቷል። ሰውየው ምናልባት በወጣትነቱ አንድ ቀን በእውነት ፈጥሯል። ከዚያ ወዲህ ያንኑ አንድ ቀን በቃሉ ሸምድዶ፣ በየጊዜው እያሞቀ ለሰው ያቀርባል።

ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ለእኅቴ ብቻ ነገርኳትና ልብስ መስፊያ መኪናዋ ላይ ተደፍታ እስክታለቅስ ሳቅን። ለምን ለሌላ ሰው እንዳልተናገርኩ ያን ጊዜ ብትጠይቁኝ "ምን አገባኝ" እላችሁ ነበር። ደግሞም ሁሉም ሰው የማያውቀውን ነገር ብቻዬን ማወቄ ይጥመኛል። አዳራሹ ሲያጨበጭብ እኔ ከኋላ ተቀምጬ ሁሉንም በአንድ ላይ እንቃቸዋለሁ። እንዲህ ያለ ደስታም አለ።

የእኅቴ ልጅ ኮሌጁ የገባችው ከዚያ በኋላ ነው። ገና መራመድ ስትጀምር ጀምሮ ታፏጭ ስለነበር ቤት ውስጥ "ፉጨት" ነው የምንላት። እኅቴ ስትሰማ ሥራዋን ጥላ ቤቴ መጣች።

"ወንድምጋሼ፣ ይህቺ ልጅ ለይቶላታል" አለችኝ፣ ሜትሩን ከአንገቷ ሳታወርድ። "ፋርማሲ ደርሷት ሙዚቃ እማራለሁ ትላለች።"

"ተያት፣ አንድ ወር አትቆይም።"

"ጆሮዋን ያበላሸኸው አንተ ነህ! ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያን መቃኛ ሹካህን እያስጮህክ።"

ፉጨት በሩ ላይ ቆማ ነበር። "አጎቴ፣ አንተ እንኳ ደግፈኝ እንጂ" አለች።

"ግቢ ካልሽ ግቢ" አልኳት። "ግን ባርኔጣ ከገዛሽ አላውቅሽም።"

ባርኔጣ አልገዛችም፤ ገባች።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት የያዘቻቸው የቲዎሪ አስተማሪዋ ነበረች፤ የድምፅን ርቀት፣ የኮርድን አሠራር፣ የምትን አቆጣጠር የምታስተምረው ሴትዮ። ደረቅ ናት። ሁልጊዜ ግራጫ ሹራብ ትለብሳለች፣ አትስቅም፣ ስትናገር አንድ ቃል አታተርፍም። ተማሪዎቹ "ማስመሪያ" ይሏታል። እኔም አንድ ቀን ለጽዳት ሠራተኛዋ "ይህቺ ሴትዮ ስትስም እንኳ በምት ቆጥራ ሳይሆን አይቀርም" ብያታለሁ። ማስመሪያ እኔ ካወቅኋት ጀምሮ አንድ ጊዜ እንኳ መድረክ ላይ ወጥታ አልተጫወተችም። ስለዚህ አትችልም ብዬ ደመደምኩ። እኔ ድምዳሜ አይቸግረኝም።

ፉጨት ግን ማታ እኅቴ ቤት ስሄድ ስለ እሷ ብቻ ነው የምታወራው። "ዛሬ አንዱን ኮርድ ሃያ ጊዜ አዘፈነችን፤ ታችኛውን ድምፅ፣ መካከለኛውን፣ ላይኛውን፣ ተራ በተራ። ሃያኛው ላይ ኮርዱ ውስጥ የገባሁ መሰለኝ፣ እንደ ቤት።" ለድምፅ ትምህርቱ ወለል ላይ ተንጋላ ሆዷ ላይ ወፍራም መጽሐፍ ታስቀምጥና በትንፋሿ ከፍ ዝቅ ታደርገዋለች። እናቷ እየተሻገረቻት "ለዚህ ነው ፋርማሲ የቀረው?" ትላለች። በሁለት ዓመት ውስጥ ልጅቷ ጆሮዋ ከእኔ ጆሮ እኩል ሆነ። ይህን በአፌ አልነገርኳትም።

ሦስተኛ ዓመት ላይ ነፃው እጅ ገባች።

በሁለተኛው ሳምንት "አጎቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ" አለች። "ነፃ ሁኑ ይለናል። ነፃ ስሆን ደግሞ 'ይሄ ጃዝ አይደለም' ይላል። 'ታዲያ እንዴት ነው?' ስለው እሱ የሚጫወታትን ነገር ያሳየኛል። እሷን ሳስመስላት 'አሁን ነፃ ወጣሽ' አለኝ። ምን ማለት ነው?"

እዚህ ላይ ልነግራት እችል ነበር። ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው የሚፈጀው። እኔ ግን "የሚለውን አድርጊና ወረቀትሽን ያዢ" አልኳት። "ሁሉም የሚያደርገው እሱን ነው።"

"አንተም?"

"እኔማ ቃኚ ነኝ፤ ምን አደርጋለሁ?"

የመጨረሻው ዓመት ፈተና የተደረገው ከሰዓት በኋላ፣ በትልቁ አዳራሽ ነው። ዲኑ፣ አስተማሪዎቹ፣ ወላጆችና ጥቂት እንግዶች ነበሩ። እኅቴ ራሷ የሰፋችውን ልብስ ለብሳ ፊት ለፊት ተቀምጣለች። ማስመሪያ ከፈታኞቹ ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ናት፤ እርሳስና ኖታ ወረቀት ይዛለች። እኔ እንደ ልማዴ ከኋላ ነኝ። ጠዋት ፒያኖውን ቃኝቼ፣ እያንዳንዱን ቁልፍ ፈትሼ ጨርሻለሁ።

አፈታተኑ እንዲህ ነው። ተማሪው አንድ ዘፈን ይዘፍናል፤ ቀጥሎ በዚያው ዘፈን ኮርዶች ላይ ቃል የሌለው ዜማ ይፈጥራል። ከዚያ ፒያኖው ይፈጥራል። ፒያኖ የሚጫወተው መቼም ነፃው ነው፤ የሌላ ሰው ፈተና ላይ መታየት ይወዳል። በስተመጨረሻ ድምፃዊውና ፒያኖው አራት አራት ባር እየተቀባበሉ ይነጋገራሉ። ባር ማለት ሙዚቀኞች ምቱን የሚቋጥሩበት ክፍል ነው፤ ዘፈኑ ሠላሳ ሁለት ባር አለው። ይህ መቀባበል የሚባለው ነገር በፈተናው ወረቀት ላይ ከድሮ ጀምሮ ተጽፏል፤ ነፃው ግን በየዓመቱ "ሰዓት የለንም" እያለ ይዘለዋል።

ከፉጨት በፊት የገቡት አምስት ተማሪዎች ነፃው ያስተማራቸውን ነፃነት አምስት ጊዜ ደገሙት። ሕዝቡ አምስት ጊዜ አጨበጨበ። እኔ አዛጋሁ።

ፉጨት ወጣች። ዘፈኑን በንጹህ ድምፅ፣ ሳታጋንን ዘፈነችው። ከዚያ መፍጠር ጀመረች። እንዴት ልንገራችሁ? ከማንም አልተዋሰችም። አንዲት ትንሽ ሐሳብ አነሳች፣ አገላበጠቻት፣ ኮርዱ ሲቀየር አብራ ቀየረቻት፣ መሃል ላይ ትንፋሿን ሰብስባ ዝም አለችና ማንም ባልጠበቀው ቦታ ገባች። ከበሮ መቺው ልጅ ቀና ብሎ አያት። ባስ የሚጫወተው ፈገግ አለ። እኔ ከወንበሬ መነሳቴን አላወቅሁም።

ነፃው ተራው ደርሶ የተለመደውን አቀረበ። ያ ስህተት፣ ያ ድንጋጤ፣ ያ ሳቅ። ጭብጨባ። ሊዘጋ እጁን ሲያነሳ ፉጨት መቀባበሉን ጀመረች፤ አራት ባር ዘፍና ወደ እሱ ዞረች። ከበሮውና ባሱ ቀጠሉ። መቼስ ማምለጫ የለም፤ ነፃው የሸመደደውን የመጀመሪያ አራት ባር ደገመ። እሷ መለሰችለት። እሱ ቀጣዩን አራት ባር ተጫወተ፤ ደህና ነህ ወይ ሲባል ቀድሞ የጻፈውን ደብዳቤ አውጥቶ እንደሚያነብ ሰው። ያን ጊዜ ልጅቷ የእሱን ሐረግ ተቀበለችው፣ ገልብጣ ዘፈነችውና ጫፉን ሳትጨርስ ክፍት አድርጋ መለሰችለት። መጨረስ የእሱ ፋንታ ነው። ማንኛውም ትንሽ የሚሰማ ሰው ይጨርሰዋል።

የነፃው እጅ ከቁልፎቹ በላይ አየር ላይ ቆመ። አንድ ባር አለፈ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። እጁ አልወረደም። ፊቱ ፍም መሰለ። ፉጨት ግራ ገብቷት አየችው፣ ከዚያ የራሷን ቀጠለች፤ ከበሮውና ባሱ ይዘዋት ሄዱ፤ ዘፈኑን ሦስት ሆነው ጨረሱት። አዳራሹ ተነስቶ አጨበጨበ። ነፃው ዘሎ ብድግ አለና ፒያኖውን በጣቱ እየጠቆመ ጮኸ።

"ቁልፉ ተጣበቀ! ይሄ ፒያኖ ቁልፉ ተጣብቋል!"

ሁሉም ወደ ኋላ ዞሮ እኔን አየኝ።

በማግሥቱ ነፃው መጠገኛ ክፍሌ መጣ። ከዚያ በፊት ረግጦት አያውቅም። መዶሻዎቼን፣ የተበጠሱ ሽቦዎቼን እንደ ቆሻሻ እየዘለለ ገባና እጄን ጨበጠኝ።

"ጋሼ፣ ማንም እንዲጎዳ አልፈልግም" አለ። "ልጅቷ ጎበዝ ናት፤ ብቻ የዘፈኑ ቅርጽ ጠፋባት። ጥፋቷን ብጽፍ ትወድቃለች። ቁልፉ ተጣብቆ ነበር ከተባለ ግን ፈተናው ይደገማል፣ በቃ። ለእሷም ይሻላል።"

"ጠዋት ፈትሼው ነበር።"

"ዕቃ ነው፤ ከጠዋት እስከ ከሰዓት ስንት ነገር ይሆናል።" ከኪሱ አንድ ወረቀት አወጣ። "ዲኑ ከውጭ ቃኚ እናምጣ ሲል ተው ያልኩት እኔ ነኝ፤ ያውቃሉ አይደል?"

አላውቅም ነበር። አሁን ግን አወቅሁ። ወረቀቱ "በፈተናው ዕለት የአዳራሹ ፒያኖ አንድ ቁልፍ ተጣብቆ እንደነበር አረጋግጣለሁ" ይላል። ሰውን ሁሉ የምንቅ ሰውዬ ነኝ፤ እስክሪብቶውን ተቀብዬ ፈረምኩ። ለእሷ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት፤ ራሴም አመነኝ።

ሦስት ቀን ቆይቶ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በፉጨት ስም ትይዩ "ያልተሟላ፤ ይደገማል" ተለጠፈ። ምክንያቱን ልትጠይቅ ጽሕፈት ቤት ሄዳ የወረቀቱን ቅጂ ሰጧት። ቅጂውን ይዛ መጠገኛ ክፍሌ ገባች። አልጮኸችም።

"ና" አለችኝ።

አዳራሹ ባዶ ነበር። ፒያኖው ፊት ቆመች፣ አልተቀመጠችም። በግራ ጫፍ ካለው ወፍራም ድምፅ ጀምራ በአንድ ጣቷ አንድ በአንድ መጫን ጀመረች።

"ይሄ ነው?"

ቀጣዩን ተጫነች።

"ይሄ?"

ሰማንያ ስምንት ቁልፍ ነው። አንዱንም አልዘለለችም። እያንዳንዱ ቁልፍ ወርዶ ይነሳል፣ ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ መቼም በሙያዬ አልታማም። መሃል ላይ ስትደርስ "በቃሽ" አልኳት። አልበቃትም። ቀኝ ጫፍ ደርሳ የመጨረሻውን ተጫነችና እጇን ሰበሰበች።

"የትኛው ነው የተጣበቀው?"

"ፉጨት፣ እኔ ላንቺ ብዬ..."

"ለእኔ አይበሉ" አለችኝ። ከዚያ በፊት አንቱ ብላኝ አታውቅም። "ሰው ሲስት ቤት ገብተው ይስቃሉ። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ሳቅዎን ስሰማ፣ የሚያውቁት ነገር ስላለ ነው እል ነበር። ያውቃሉ። ግን ለሳቅ ብቻ ነው የሚፈልጉት።"

ፈተናውን አልደግምም ብላ አቤቱታ አስገባች። እኅቴ ለሁለት ሳምንት አላነጋገረችኝም። የሰፋችልኝን ሱሪ በጎረቤት እጅ ላከችልኝ።

አቤቱታው የታየው ዲኑ ቢሮ ውስጥ፣ ረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ነው። ዲኑ ከላይ፣ ነፃው በቀኙ፣ ፉጨትና ማስመሪያ ከታች፣ እኔ በር አጠገብ ተቀመጥን። ነፃው ስለ ጃዝ መንፈስ ሩብ ሰዓት ያህል ተናገረ። ዲኑ ከሙዚቃ የሚያውቀው የደወል ድምፅ ብቻ ስለሆነ በየመሃሉ ራሱን ይነቀንቃል። "ልጅቷ ቅርጹን ስለሳተች፣ ደግሞም ቁልፉ ስለተጣበቀ..." እያለ ሁለቱንም ምክንያት ደራርቦ አቀረበ፤ አንዱ ሌላውን እንደሚያፈርሰው የታየው አልመሰለኝም።

ያን ጊዜ ማስመሪያ ቦርሳዋን ከፈተችና አራት ገጽ ኖታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። በጥቁር ቀለም፣ በዚያ ቀጥ ባለ የእጅ ጽሕፈቷ የተጻፈ ነው።

"ይሄ ልጅቷ የዘፈነችው ነው፤ ሙሉውን። እዚያው ስሰማ በእርሳስ ጽፌ ቤት ገልብጬዋለሁ" አለች። "ከሥሩ ያለው የፒያኖው ነው። በመቀባበሉ ላይ ከአምስተኛው እስከ ስምንተኛው ባር እርስዎ ተጫውተዋል። ከአሥራ ሦስት እስከ አሥራ ስድስት ተጫውተዋል። ሃያ አንደኛው ባር ላይ ቆሙ። እዚህ ጋ ባዶ ነው። ልጅቷ ሠላሳ ሁለቱንም ጨርሳለች፤ አንዲት ምት አልሳተችም።"

ነፃው ሳቀ። "እመቤቴ፣ ጃዝ እኮ አይቆጠርም!"

"እኔ ቆጥሬዋለሁ" አለች። "እርስዎ የሚጫወቱትንም ቆጥሬዋለሁ።" ከቦርሳዋ ሌላ ወረቀት አወጣች፣ ከዚያም ሌላ። የተለያየ ዓመት ቀን ተጽፎባቸዋል። አንዱን በሌላው ላይ አስደግፋ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳቻቸው፤ ኖታዎቹ አንዱ በአንዱ ላይ ልክ ገቡ። "ይሄ የግል ጉዳይዎ ነው ብዬ ትቼው ነበር። ተማሪዬን ሲነካ ግን አይደለም።"

ለካ ለብቻዬ የማውቀው መስሎኝ ስኩራራበት የኖርኩትን እሷ በቀንና በቁጥር ይዛዋለች። እሷ ግን ቤቷ ገብታ አልሳቀችበትም። ወንበሬ ላይ ውሃ ሆንኩ።

ማስመሪያ ወደ እኔ ዞረች። "የተጣበቀው የትኛው ቁልፍ ነበር?"

"አንድም" አልኩ። "አንድም አልተጣበቀም። ውሸት ነው የፈረምኩት።"

ጀግና እንዳይመስላችሁ። እውነቱን ተናገርኩ፤ ግን ሌላ ሰው ተናግሮ፣ አስረድቶ፣ ወረቀቱን ከዘረጋ በኋላ ነው። ፉጨት አላየችኝም፤ የአስተማሪዋን ኖታ እየተከተለች በከንፈሯ ታነብ ነበር።

ውጤቷ ተስተካከለ፤ ከክፍሉ አንደኛ ወጣች። ለእኔ በውሸት ማረጋገጫ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፤ ይገባኛል። ነፃው ደግሞ ምን ሆነ መሰላችሁ? ለአንድ ዓመት "ለምርምር" እረፍት ወጣና ሲመለስ ምክትል ዲን ተደርጎ ተሾመ። ቢሮው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ በሩ ላይ ስሙ በነሐስ ተጽፏል። ፒያኖ አይነካም፤ ስለ ነፃነት ንግግር ያደርጋል። ከዚህ ኮሌጅ ሌላ ነገር የጠበቀ ካለ እግዜር ይቅር ይበለው።

ፉጨት አሁን አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ልጆችን ቲዎሪ ታስተምራለች። ቅዳሜ ከሰዓት ከዚያ ከበሮ መቺና ከባስ ተጫዋቹ ጋር ትዘፍናለች። ባለፈው ወር በእናቷ በኩል መልእክት ደረሰኝ፦ የትምህርት ቤቱ ፒያኖ ጆሮ ያደማል፣ ጊዜ ካለኝ ልየው። ጊዜ ነበረኝ።

ፒያኖው ጉድ ነው። አራት ሰዓት ሙሉ ጎንበስ ብዬ ሠራሁበት፤ በግድግዳው ማዶ ልጆቿ ሲያጨበጭቡ፣ ሲሳሳቱ፣ እንደገና ሲጀምሩ ይሰማኛል። ስትስቅባቸው አልሰማሁም። ስጨርስ ጠራኋት። መጣችና ቆማ አንድ ኮርድ ያዘች። እስኪጠፋ ድረስ ጠበቀች።

"መካከለኛው ትንሽ ዝቅ ብሏል" አለች።

አዳመጥኩ። ልክ ናት። መቃኛዬን አነሳሁና ተመልሼ ተቀመጥኩ።